በአንድ ሴኮንድ ተኩል ያልወጣው አየር

በጽኑ ሕሙማን ክፍል መሥራት በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ የሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ በከባድ አስም መተንፈስ ስላቃተው የመተንፈሻ ቱቦ የገባለትን አንድ ወጣት ታካሚ ተረከብኩ። መሣሪያው በደቂቃ 14 ጊዜ እንዲያስተነፍሰው ተስተካክሎ ነበር። ሌሊቱ ሲጋመስ የደረሰኝ የደም ጋዝ ምርመራ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ማለቱን ስላሳየ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ይወጣለታል በሚል ሐሳብ ፍጥነቱን ወደ 24 አሳደግሁት። ፈተና ላይ ቢመጣ ነጥብ የሚያሰጥ መልስ ይመስለኝ ነበር።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የላይኛው የደም ግፊቱ ወደ 58 ወረደ፤ የመሣሪያውም ደወል ያለማቋረጥ ይጮኽ ጀመር። ፈሳሽ በፍጥነት እንዲሰጠው፣ የደም ግፊት ከፍ የሚያደርገው መድኃኒት ኖርአድሬናሊንም እንዲዘጋጅ አዘዝኩ፤ ሳንባው ተቀዶ አየር በደረቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ይሆናል ብዬም በሁለቱም ጎን አዳመጥኩ። ድምፁ በሁለቱም በኩል እኩል ደካማ ነበር። ደረቱን ለመብሳት መርፌ ሳነሣ፣ በክፍሉ ብዙ ዓመት ያገለገሉት ሲስተር «ዶክተር፣ ከመውጋትዎ በፊት ይህችን መስመር ይመልከቱ» አሉኝ። ጣታቸው ያረፈው የአየር ፍሰቱን በምታሳየው መስመር ላይ ነበር፤ ታካሚው አየር አስወጥቶ ሲጨርስ ወደ ዜሮ መመለስ የሚገባት መስመር፣ ገና ሳትመለስ ቀጣዩ ትንፋሽ ይገባ ነበር።

ሲስተር መልሴን አልጠበቁም። ቱቦውን ከመሣሪያው አላቀቁና መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ። በውስጡ ታምቆ የቆየው አየር እየፏጨ መውጣት ጀመረ፤ አንድ ትንፋሽ ከሚፈጀው ጊዜ እጅግ ረዝሞብኝ አልቆም አለ። ደረቱ ዝቅ ሲል የደም ግፊቱ ከፍ አለ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 94 ደረሰ።

ስሌቱን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። በደቂቃ 24 ትንፋሽ ማለት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴኮንድ ነው፤ አንዱ ሴኮንድ ለማስገባት ሲውል፣ የአየር መንገዱ የጠበበበት ታካሚ አየሩን የሚያስወጣበት 1.5 ሴኮንድ ብቻ ይቀረዋል። ያልወጣው በየትንፋሹ እየተደራረበ ደረቱን ይወጥረዋል፤ የውስጥ ግፊቱም ደም ወደ ልብ እንዳይመለስ ያግዳል። ፍጥነቱን ወደ 10 ስናወርደው ለማስወጣት 5 ሴኮንድ አገኘ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ እንዳለ ቢቆይም፣ የደሙን አሲድነት የሚለካው ፒኤች (ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ7.2 በታች እስካልወረደ ድረስ ታገሥነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን በተከሠተው የፖሊዮ ወረርሽኝ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ ሕሙማንን ያስተነፍሱ እንደነበር ሳስብ፣ የሳንባው መወጠር ለመዳፋቸው ይታወቃቸው እንደነበር እገምታለሁ፤ እኔ ግን የማየው ቁጥር ብቻ ነበር።

የሚያሳፍረው ባለማወቄ የሆነ አለመሆኑ ነው። «ኦቶ ፒፕ» (ሳይወጣ የቀረ አየር በሳንባ ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት) የሚለው ርዕስ ትርጉሙና መንሥኤው ተዘርዝሮ፣ በቀይ ተሰምሮበት ማስታወሻዬ ላይ ሰፍሯል። ነገር ግን የተጻፈው በበሽታና በመሣሪያ ስም በተከፋፈለ ደብተር ውስጥ ስለሆነ፣ የሚገኘው ስሙን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ሌሊት ደወል ሲጮኽ ደግሞ ስሙን የሚነግረን የለም።

በዚያው ሳምንት ደብተሩን ዓይን በሚያየው ነገር ከፋፍዬ እንደገና ጻፍኩት። የመጀመሪያው ገጽ ርዕስ «ቱቦ የገባለት ታካሚ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ» የሚል ነው፤ ከሥሩ ቱቦው ከቦታው መንሸራተቱ ወይም መደፈኑ፣ በደረት ውስጥ አየር መጠራቀሙ፣ የመሣሪያው ብልሽት እና የትንፋሽ መደራረብ፣ እያንዳንዱ እንዴት በፍጥነት እንደሚለይ ጋር ተቀምጠዋል። ማላቀቅ ለሁሉም እንደማይሆን፣ በከፍተኛ ግፊት ተደግፎ ለቆመ ሳንባ ራሱ ጉዳት ሊሆን እንደሚችልም ጨምሬበታለሁ።

አሁን ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስቡ ወጣት ሐኪሞች የትኛውን መጽሐፍ እንደሚያነቡ ሲጠይቁኝ፣ አስቀድመው ጥቂት ሌሊቶችን በክፍሉ አሳልፈው፣ አንድ አልጋ አጠገብ ምንም ሳይነኩ ለአንድ ሰዓት ቆሞ ማየት ይሰለቻቸው እንደሆነ ራሳቸውን እንዲፈትሹ እነግራቸዋለሁ። የሚሰለቸው ሰው ጎበዝ ሐኪም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ክፍል ግን ያሠቃየዋል።

አዲሱን ገጽ ለሲስተር ባሳየኋቸው ጊዜ በጥሞና አንብበው እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝና፣ ከመጀመሪያው መስመር በላይ በትንንሽ ፊደላት «አስቀድሞ ፍጥነቱን ማን እንደጨመረው ይጠየቅ» ብለው ጻፉበት።