ቀን የሚሠራ፣ ሲመሽ የሚጠፋ ካሜራ

ተመስገን፣ አራቱም ካሜራዎቼ ሳይጠፉ ማደር ጀመሩ! ማራኪ ሰፈር ያለውን የቤታችንን ግቢ ካሜራ ራሴ ነኝ የገጠምኩት። ትንሽ ጉራ ቢጤ ብነዛ አይፈረድብኝም።

መግጠሙ ብዙም ወሬ የለውም። ዲቪአሩ (የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳው ሣጥን) ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠ፣ ገመዱ በኮርኒስ አለፈ፣ ካሜራዎቹ ግድግዳ ላይ ተመቱ። መሰላልና ድሪል ያለው ሰው አያቅተውም። ሃርድ ዲስክ ላይ ግን አትሰስቱ። አንድ ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ከቀዳ በቀን 21 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። አራት ካሜራ የ1 ቴራባይት (1,000 ጊጋባይት) ዲስክ በ11 ወይም 12 ቀን ይሞላዋል፤ ከዚያ የድሮውን እያጠፋ ይቀዳል።

አሳሬን ያበላኝ የውጭ በሩ ካሜራ ነው። ቀን ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ልክ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ብልጭ ድርግም ይጀምራል። የጠየቅኩት ሁሉ «ካሜራው ሞቷል፣ ቀይረው» አለኝ። ይሄ «ቀይረው» የሚባል ምክር አይዋጥልኝም። ሳይለኩ መቀየር ብር ማቃጠል ነው።

መልቲሜትሬን (ቮልት መለኪያዬን) ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። ሳሎን ያለው አዳፕተር (የግድግዳውን መብራት ወደ 12 ቮልት የሚያወርደው) ጋ 12.1 ቮልት አለ። ካሜራው ጫፍ ላይ ቀን 11.3 ነው፣ ይሁን። ማታ ካሜራው በጨለማ እንዲያይ የሚረዱት የኢንፍራሬድ መብራቶቹ ቦግ ሲሉ ግን ከ10 በታች ወረደ፣ ካሜራውም ጠፋ። ሲጠፋ የሚስበው ነገር ስለሌለ ቮልቱ ተመልሶ 12 ገባ። ካሜራው ተነሣ፣ መብራቶቹ ቦግ አሉ፣ ቮልቱ ደግሞ ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው።

ጥፋቱ የሽቦው ነበር። ከሳሎን እስከ በሩ 35 ሜትር ገደማ ይሆናል። «ንጹሕ መዳብ» ተብሎ የተሸጠልኝን ሽቦ በምላጭ ስፍቀው ውስጡ ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ። አሉሚኒየም ነው፣ መዳቡ ላዩን ብቻ! የአሉሚኒየም ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የሚያግደው ነገር) የመዳብ 1.6 እጥፍ ገደማ ነው፤ ቮልቱ መንገድ ላይ የሚቀረው በዚህ ነው። ስለዚህ ሽቦ ስትገዙ ሻጩ ፊት ፋቁት፣ ቅር ቢለው ይበለው።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ማድ ቤቱ ለበሩ ቅርብ ስለሆነ ለዚያ ካሜራ ብቻ እዚያው ሌላ አዳፕተር ሰካሁለት። በረጅሙ ገመድ የሚመጣው አሁን ምስሉ ብቻ ነው። ማታ ስለካው 11.9። «ዋይፋይ ካሜራ ብትገዛ ኖሮ» የሚሉኝ አሉ። እሱስ ቢሆን መብራት በአየር ይጠጣል እንዴ?

ደግሞ ሰዓቱን ልብ በሉ። ዲቪአሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት የሆነ ነገር የሚገኘው 02:00 ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ 08:00 ላይ ሲፈልግ ያገኘው እህታችን ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ነው።

ጎረቤታችን እማማ «ልጄ፣ ይሄ ነገር እኔንም ያያል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እውነት ለመናገር የግቢያቸው ጥግ ይታይ ነበር። ዲቪአሩ ላይ ያን ጥግ በጥቁር የሚሸፍን ምርጫ አለ፤ ሸፍኜ በስልኬ አሳየኋቸው። ካሜራ የምትገጥሙ ሁሉ ይሄን ሳትጠየቁ አድርጉት።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ገና አልገዛሁም። መብራት ሲሄድ ይሄ ሁሉ ልፋት ዓይኑን ይጨፍናል። ዲቪአርና ራውተር አንድ ላይ እስኪነጋ የሚያቆይ ባትሪ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ባለ ስንት አምፔር-ሰዓት እንደሆነ ንገሩኝ እስቲ።