ድስት አልኩ እንዴ?

ዋይፋዩን የምጠግንለት ፓርክ ሪቪው ላይ ስሜ አልተጠቀሰም። «ቴክኒሺያኑ ቤቴን ድስት ብሎ ሰደበው» ይላል። ከአምስት ኮከብ ሁለት። የፓርኩ ባለቤት ስክሪንሾቱን ላኩልኝ። ከሥሩ የጻፉት የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።

ቦታው ቨርጂኒያ ነው፤ ሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ከሀይዌይ 81 ብዙም የማይርቅ የአርቪ ፓርክ፤ ሰው ቤት የሆነ መኪናውን ወይም ተጎታቹን ይዞ የሚያርፍበት። ሰማንያ ገደማ ሳይት፣ ማለትም ማቆሚያ ቦታ፣ አለው። ከዲሲ ሁለት ሰዓት ያህል ያስነዳል፤ ዓርብ ከሰዓት ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባለቤቱ ሰባውን ያለፉ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ቡና ሳያጠጡ አይሸኙም። ቡናውን እግዜር ይይላቸው።

ዋይፋዩ አይሠራም የሚል እንግዳ ሲመጣ ቢሮ ውስጥ ራውተሩ ሥር ይቆሙና ስልካቸውን ያወጣሉ። «ይኸው! ለኔ ይሠራል።» በዚህ ሙያ ያለ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል።

ከእኔ በፊት የሠራው ሰውዬ ለመለካት የመጣው ፌብሯሪ ላይ ነው። ዛፎቹ ራቁታቸውን ናቸው። ከቢሮው ጣሪያ እስከ መጨረሻው ምሰሶ ወለል ብሎ ይታያል። በየምሰሶው ሲግናሉን ከአንዱ ወደ ሌላው በአየር የሚቀባበሉ ሪፒተሮች ሰቀለ። ገንዘቡን ተቀበለ። ሄደ። ሜይ ላይ የኦክ ዛፉ ቅጠል አወጣ። ቅጠል ማለት ግማሹ ውሃ ነው፤ ሪፒተሮቹ የሚነጋገሩበት የ5 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ደግሞ ከውሃ ጋር አይስማማም። በሜይ መጨረሻ፣ በሜሞሪያል ዴይ በዓል ቅዳሜ፣ የታችኛው ረድፍ ሰው በሙሉ ቢሮው በር ላይ ተሰለፈ። እኔ የተጠራሁት ያን ጊዜ ነው።

የ2.4 ጊጋኸርትዙን ቻናሎች እርስ በርስ ወደማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 አስተካከልኩ። አንቴናዎቹን ዝቅ አድርጌ ከቅጠሉ ሥር እንዲተያዩ አደረግሁ። ትንሽ ተነፈስን። ግን ሂሳቡ ሂሳብ ነው። ኔትፍሊክስ ለአንድ የፉል ኤችዲ ፊልም በሰከንድ 5 ሜጋቢት ይፈልጋል። ሰማንያ ሳይት አንድ አንድ ፊልም ቢከፍት 400 ነው። ስልኩን፣ ታብሌቱን፣ የበር ካሜራውን ገና አልቆጠርኩም። ድሮ ጡረተኛ ባልና ሚስት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተቀምጠው ኢሜይላቸውን አይተው ይተኙ ነበር። ከ2020 ወዲህ ሰዉ ከሰኞ እስከ ዓርብ አርቪው ውስጥ ሥራ ይሠራል። ዙም ሲመጣ ደግሞ ችግሩ ዳውንሎዱ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ አፕሎዱ ነው የሚያንቀው።

የሳተላይት ኢንተርኔቱ ስታርሊንክ በ2022 ለአርቪ የሚሆነውን ሲያመጣ «ተገላገልን» ያሉ ነበሩ። ስታርሊንክ ሰማይ ይፈልጋል፤ እኛ ያለን ዛፍ ነው። በጁላይ ፀሐይ ማንም የማይነካቸው ጥላ አልባ ሳይቶች ቀድመው መያዝ ጀመሩ። አንዱ እንግዳ እንዲያውም ዛፍ ቁረጡልኝ ብሎ ማመልከቻ ጽፏል።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ ሽማግሌው መብራቱን ከ30 ወደ 50 አምፔር ለማሳደግ ግቢውን አስቆፈሩ። ከቢሮ እስከ ታችኛው ረድፍ ቦዩ አፉን ከፍቷል። «እባክዎ ለፋይበር የኢንተርኔት ገመድ የሚሆን አንድ ባዶ ቱቦ አብረው ይቅበሩ» አልኳቸው። ቱቦው ራሱ ርካሽ ነው፤ ውዱ ቁፋሮው ነው፤ እሱ ደግሞ ተቆፍሯል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሰው እዚህ የሚመጣው ከኢንተርኔት ሊያርፍ ነው።»

ቦዩ ተደፈነ። አፈሩ ሲመለስበት ቆሜ አየሁ። ያቺ ቀን እስካሁን ታንገበግበኛለች።

በቀጣዩ በጋ ነው ወይዘሮዋ የመጡት። የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ተጎታች አላቸው፤ የድሮ ሥራ፣ ክብ፣ ዓይን የሚስብ። ለአንድ ክሊኒክ የሕክምና ሂሳብ ይሠራሉ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስብሰባ አለባቸው። ላፕቶፓቸውን ውጭ ጠረጴዛው ላይ ሳደርገው 60 ሜጋቢት አሳየ። ውስጥ ገብቼ በሩን ስዘጋ ሞተ።

«ታዲያ ውጭ ከሠራ ውስጥ ለምን እምቢ አለ?»

«ግድግዳው አሉሚኒየም ነው። ሞገዱ ብረት አያልፍም።»

«ሌላ ፓርክ ስሄድ ይሠራልኛል እኮ።»

«ምናልባት እዚያ አንቴናው በመስኮትዎ በኩል ይሆናል።»

«ይሄ ቤት ስንት እንደሚያወጣ ታውቃለህ?»

«ዋጋው አይደለም እመቤቴ። ስልክዎን ድስት ውስጥ ከተው ቢከድኑት እንደማለት ነው።»

ዝም አሉ። ግድግዳውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«ድስት?»

«ምሳሌ ነው።»

«ባለቤቴ ነው የግድግዳውን ሪቬት አንድ በአንድ የመታው። ነፍሱን ይማረው። ድስት?»

ምን ይባላል? ፊዚክሱ ትክክል ነው። ዛሬም ብጠየቅ ከድስት የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ሙቀጫ ልበል? ለማንኛውም ከመኪናዬ የውጭ አንቴና አወጣሁ። ጣሪያቸው ላይ አቆምኩት፣ ገመዱን በመስኮት አስገባሁ፣ ውስጥ ትንሽ ራውተር ሰካሁ። ለስብሰባው ደረሱ። ይህም ሪቪው ላይ ተጽፏል፤ የመጨረሻው መስመር ላይ፣ «ተጨማሪ አንብብ» የምትለውን ለሚጫን ሰው።

ሽማግሌው ደወሉ።

«ድስት ብለሃታል?»

«ድስት ውስጥ እንዳለ ስልክ ነው ያልኩት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ክዳኑ» ልል ነበር። ዋጥኩት።

ሳቁ። ቀጥለው ግን ስለ ዋይፋዩ ጠየቁኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው። ከዚያ በፊት የእያንዳንዱን ምሰሶ ጭነት በሰዓት በሰዓት የሚያሳይ ግራፍ ልኬላቸው ነበር፤ በቀለም አስጊጬ። ፋይሉን አልከፈቱትም። ድስቷ ግን ገባቻቸው። ሁለት ኮከብ የስንት ወር ግራፍ ያላደረገውን አደረገች። ፋይበሩ እስከ ምሰሶዎቹ እንዲዘረጋ ውል ፈረሙ።

እንግዲህ አዲስ ቁፋሮ። ከመቆፈር በፊት የሚደወልበት 811 ላይ ደውለን የመብራቱንና የውሃውን መስመር አስመረመርን። መብራቱ ያለበትን ቦይ መልሶ መክፈት አደጋ ስለሆነ ከጎኑ አዲስ መቆፈር ነበረብን። የዚያ ሸለቆ መሬት ደግሞ የኖራ ድንጋይ ነው። አካፋው ትንሽ እንደገባ ቋጥኝ ይመታል። የድንጋይ መስበሪያ መከራየት ግድ ሆነ። ድምፁ እንግዶቹን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ ሌላ ሪቪው አስጻፈ፤ እሱ እኔን አይመለከትም።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ቡናቸውን ይዘው መጡና ቦዩ ዳር ቆሙ። ሠራተኞቹ ቱቦውን ሲዘረጉ ትንሽ አዩ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንድ ምክር ልስጥህ። መሬት ስታስቆፍር ሁልጊዜ አንድ ባዶ ቱቦ ጨምረህ ቅበር። ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም።»

«ልክ ነዎት» አልኳቸው። የድንጋይ መስበሪያውን ኪራይ ሂሳብ ግን አንዲት ሳንቲም ሳልቀንስ ላክሁላቸው።