መጀመሪያ ያየሁት ቢጫ ካልሲዬን ነው

ይህን የምጽፈው እማዬ «የተደረገልሽን አትሸሽጊ፣ ተናገሪ» ስላለችኝ ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለራስ ምታት ብዬ የተነሳሁት ኤምአርአይ ጭንቅላቴ ውስጥ አኑሪዝም አሳየ። የደም ስሩ ግድግዳ ሳስቶ እንደ ፊኛ ተነፍቷል። ደግነቱ አልፈነዳም። ሐኪሙ በብሽሽቴ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ አንጎሌ እንደሚያደርስ፣ እብጠቱንም በፕላቲኒየም ጥምጥም ሽቦ እንደሚሞላው አስረዳኝ። ከዚያ ወረቀት መጣ። ስትሮክ፣ ደም መፍሰስ፣ ሌላም ሌላም ይላል። እኔ የፈለግኩት የሚፈረምበትን መስመር ብቻ ነበር።

ስነቃ «ተሳክቷል» አሉኝ። እግሬን እንዳላጥፍ አስጠንቅቀው በጀርባዬ አስተኙኝ። አመሻሽ ላይ ነርሷን «መብራቱን አብሪልኝ» አልኳት። ዝም አለች። ለካ መብራቱ በርቷል።

እየሮጡ ሲቲ ስካን ወሰዱኝ። ደም የለም፣ ስትሮክም የለም። ሐኪሙ «የደም ስሩን ለማየት የምንረጨው ቀለም አልፎ አልፎ እይታን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል ያስቆጣዋል። ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይመለሳል» አለኝ። ብዙ ጊዜ! እስቲ ጨለማ ውስጥ ተኝታችሁ ይቺን «ብዙ ጊዜ» ስሟት።

እህቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት አልፏል። እማዬ አላለቀሰችም። «ኪዳነ ምሕረት እናቴ፣ የልጄን ዓይን መልሺልኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመረች። እሷን እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ የመስኮቱን ብርሃን መለየት ቻልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋው ግርጌ አንድ ቢጫ ነገር ታየኝ። እግሬን አነቃነቅኩ፤ አብሮኝ ተነቃነቀ። ሆስፒታል የሚያለብሱት ያ የማያንሸራትት ካልሲ ነው። የሚያምር ነገር አይደለም። እኔ ግን ጩኸቴን ለቀቅኩት፣ ነርሶቹ የወደቅኩ መስሏቸው ተንጋግተው መጡ።

አውቃለሁ፣ ሐኪሙ ይመለሳል ብሎ ነበር። እሱንም አመሰግናለሁ። ያን ሌሊት ያሻገረኝ ግን የእማዬ ጸሎት ነው። ሰሚውንም አውቀዋለሁ።

የካቲት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል፣ እማዬ ስለቷን አስገባች። ከመስጠቷ በፊት በቪዲዮ ደውላ ጃንጥላውን ዘረጋችልኝ።

«ቀለሙ ታየሽ?»

«ቀይ ነው እማዬ። ዘርፉ ወርቅማ።»

እልልታዋን ለቀቀችው።