ክራኮቭ በ480 ዩሮ

በጀቴን የያዝኩት በአሮጌ የሒሳብ ደብተር ነው። በግራ ዩሮ፣ በመሃል የፖላንዱ ገንዘብ ዝሎቲ፣ በቀኝ ብር። ሰኔ 2016 ላይ ደብተሩ ያምር ነበር። ኢራስመስ ፕላስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የተማሪዎች ልውውጥ ደርሶኛል። ፖላንድ፣ ክራኮቭ፣ አንድ ሴሚስተር፣ አምስት ወር፣ በወር 800 ዩሮ። ትኬቱን የሚቀበለኝ ዩኒቨርሲቲ ይቆርጣል። እኔ የሚያስፈልገኝ መነሻ ብቻ ነው። እናቴ የዕቁብ ዕጣዋን ከጎረቤት ጋር ተለዋውጣ 60 ሺህ ብር አስቀደመችልኝ። በጊዜው የባንክ ምንዛሬ ከ900 ዩሮ በላይ ይሆናል። ምን ጎደለ?

ሐምሌ 22 ሰኞ ጠዋት የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የደብተሬን የቀኝ ዓምድ ሦስት ጊዜ እየሰረዝኩ ጻፍኩት። በአራተኛው ተውኩት። መስከረም ላይ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዤ ባንክ ስሄድ ያው 60 ሺህ ብር 480 ዩሮ ሆኖ ወጣ። እናቴ ዩሮዎቹን ሁለቴ ቆጠረቻቸው።

«ይኸው ነው?»

ይኸው ነበር።

ሻንጣ ላይ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። እማዬ አንዱን ለቅቤና ለቋንጣ መድባዋለች። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት እንደማይችል አስረዳኋት። «ምን ሊያደርጉት ነው የሚወስዱት? ቅቤ የላቸውም?» አለች። በመጨረሻ በበርበሬ፣ በሽሮ፣ በድርቆሽና በቆሎ ታረቅን። ሦስት ኪሎ በርበሬ በዝቶብኝ ነበር። ጥቅምት ላይ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ከመስቀል ማግስት በረርኩ። በፍራንክፈርት በኩል አድርጌ መስከረም 19 ከሰዓት ክራኮቭ ገባሁ። እሑድ ነው። ፖላንድ ውስጥ እሑድ እሑድ ትልልቅ ሱቆች በሕግ ይዘጋሉ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣ ሕግ ነው፤ በዓመት ጥቂት እሑዶች ብቻ ይፈቀዳሉ። ይህን ደብተሬ አያውቅም። ክፍት የነበረችው ዣብካ የምትባለው የሰፈር ሱቅ ብቻ ናት። ስሟ «ትንሿ እንቁራሪት» ማለት ነው፤ በየመንገዱ ጥግ አለች፤ ዋጋዋ ግን ከትልልቆቹ ይወደዳል። ዳቦ፣ ውኃና ሙዝ ገዛሁ። ትራስና ብርድ ልብስ ዶርሙ ይሰጣል ብዬ ነበር። አይሰጥም። የመጀመሪያውን ሌሊት በጋቢ አደርኩ።

ሰኞ ሒሳቡ ተገለጠ። ለሁለት የምንጋራው ክፍል በወር 800 ዝሎቲ ነው። ለመግባት የወሩን ኪራይና ያንኑ ያህል መያዣ አንድ ላይ መክፈል አለብኝ። 1,600 ዝሎቲ። አንድ ዩሮ 4.3 ዝሎቲ ገደማ ነበርና 372 ዩሮ ሄደ ማለት ነው። 108 ዩሮ ቀረኝ። የነፃ ትምህርቱ ገንዘብስ? እሱ የሚገባው ውል ከፈረምኩ፣ እዚያው አገር የባንክ አካውንት ከከፈትኩና ወረቀቴ ቢሮ ለቢሮ ከዞረ በኋላ ነው። ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል ገባ። «በወር 800 ዩሮ» የሚለውን ወረቀት ሳነብ ከወሩ መጀመሪያ ይሁን ከመጨረሻው አልጠየቅኩም ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ ብባል፣ ዛሬ የምጠይቀው «የመጀመሪያው ክፍያ በስንት ሳምንት ይገባል?» የሚለውን ነው። የቀረው ሁሉ ይደረስበታል።

በዚያ ወር ሁሉን ነገር ወደ ብር እመነዝር ነበር። አይመከርም፤ ያሳምማል። ካፌ ገብቼ ማኪያቶ 15 ዝሎቲ ሲል በልቤ አሰላሁ። 440 ብር ገደማ። ሽሮ ሜዳ፣ ከቤታችን በታች፣ ጀበና ይዛ የምትቀመጠው ልጅ ሲኒውን በ20 ብር ነበር የምትቀዳልኝ። ሃያ ሁለት ሲኒ መሆኑ ነው። ወጣሁ።

ይባስ ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ትራም ላይ ተቀጣሁ። ትኬት ገዝቻለሁ፤ በእጄ ይዤዋለሁ። ግን ውስጥ ያለችው ትንሽ ማሽን ላይ ከትቼ ሰዓት ማስመታት ነበረብኝ። ተቆጣጣሪው ትኬቱን ገልብጦ አየው፤ ባዶ ነው። ጥፋቱ የእኔው ነው፣ ግን ከያዝኩት ገንዘብ ግማሹን ሊወስደው ምንም አልቀረውም። የተማሪ መታወቂያዬ በወጣ ጊዜ ተካካስኩ። በከተማ ትራንስፖርት ግማሽ ዋጋ፣ ከ26 ዓመት በታች ለሆነ ተማሪ ደግሞ በባቡር የ51 በመቶ ቅናሽ አለ። ለምን 50 እንዳልሆነ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

የያዘኝ የእማዬ በርበሬ ነው። ምስር፣ ድንችና ሽንኩርት እዚያ ርካሽ ናቸው። ማታ ማታ ቁሌት ሳቁላላ የዶርሙ ሦስተኛ ፎቅ በሙሉ ኩሽና ይመጣል። የክፍል ጓደኛዬ የጆርጂያ ልጅ ናት። መጀመሪያ መስኮት ትከፍት ነበር፤ ኋላ ሳህን ይዛ መምጣት ጀመረች። ዳቦውን እሷ ትገዛለች፣ ወጡን እኔ እሠራለሁ። ደብተሩ ላይ ያልነበረ ገቢ ማለት ይህ ነው።

ኅዳር ላይ ብርዱ መጣ። ገበያ አዳራሹ ውስጥ አዲስ ካፖርት 400 ዝሎቲ ይላል። የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝና ሳልባጅ ፍለጋ ወጣሁ። አለ! ልብሱ በኪሎ ይሸጣል። አዲስ ጭነት በገባ ቀን ዋጋው ውድ ነው፤ ከዚያ በየቀኑ ይወርዳል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ቀን የተረፈውን በርካሽ ይለቁታል። ኪሎው 20 ዝሎቲ እስኪደርስ ጠበቅኩ። እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ጥቁር የሱፍ ካፖርት አገኘሁ። ሻጯ አጣጥፋ ሚዛን ላይ እንደ ሽንኩርት አስቀመጠችው። 1 ኪሎ ከ800 ግራም። 36 ዝሎቲ። ኪሱ ውስጥ የድሮ የሲኒማ ትኬት ነበረ።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ። ምሳ የምበላው «የወተት ቤት» በሚሏቸው፣ መንግሥት በሚደጉማቸው ርካሽ ምግብ ቤቶች ነበር። ስማቸው ለጾም አይመችም። ግን ፒየሮጊ የሚሉት በጎመንና በእንጉዳይ የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ አላቸው፤ ቀይ ሥር ሾርባም አለ። በፖላንድኛ አጥርቼ የቻልኩት የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «ቤዝ ሽምየታኒ» ነው፤ ያለ ክሬም ማለት። ቅቤውን ደግሞ በምልክት። ምግብ የምታቀርበው ሴትዮ በሦስተኛው ቀን ሳልናገር ክሬሙን ትታ ሰጠችኝ። ጀምበር ከቀኑ 9፡40 ላይ በምትጠልቅበት ታኅሣሥ፣ ያ ትኩስ ሾርባ ከምንም በላይ ነበር።

የነፃ ትምህርቱ ገንዘብ ከገባ በኋላ በቃኝ ብቻ ሳይሆን ተረፈኝ። መጀመሪያ የተከፈለኝ ከጠቅላላው 80 በመቶ ነው። ከእሱ ላይ ለእማዬ የዕቁቧን ግማሽ መለስኩላት። ቀሪው 20 በመቶ የሚለቀቀው የመጨረሻው ሪፖርት ሲገባ ነው፤ እኔ ደግሞ በየካቲት ልመለስ ነው። ባንክ ሄጄ አካውንቴን ልዘጋ ወረፋ ይዤ ሳለ የክፍል ጓደኛዬ ደወለች። «እንዳትዘጊው! ቀሪው ገንዘብ የት ሊገባ ነው?» ከወረፋው ወጣሁ። ገንዘቡ መጋቢት ላይ ሲገባ እኔ ሽሮ ሜዳ ነበርኩ፤ ካፖርቱ ደግሞ ለቀጣዩ ሴሚስተር በመጣች አንዲት የጅማ ልጅ ትከሻ ላይ። በ36 ዝሎቲ ልትገዛው ነበር። በበርበሬ ተስማማን።