የተረሳው ሺት

ጥያቄው አጭር ነበር፦ በእያንዳንዱ ማዕረግ ስንት ፖሊስ፣ በእያንዳንዱ የሥራ ደረጃስ ስንት ሲቪል ሠራተኛ አላችሁ? መልሱ ሁለት ዓምድ ብቻ ያለው ሰንጠረዥ ነው። ኮንስታብል ይህን ያህል፣ ሳጅን ይህን ያህል፣ ኢንስፔክተር ይህን ያህል። ጥያቄው በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤልፋስት ለሆነው ለሰሜን አየርላንድ ፖሊስ የደረሰው እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2023 ሲሆን መልሱ የወጣው ኦገስት 8 ነው። ከሰንጠረዡ ጋር ግን የ9,483 ፖሊሶችና ሠራተኞች የቤተሰብ ስም፣ የመጀመሪያ ስማቸው ፊደል፣ ማዕረግ፣ የሥራ ክፍልና የሚሠሩበት ቦታ አብሮ ወጣ።

የሌላ አገር ሰው «ታዲያ ስም ብቻ ነው፣ ምን አለበት?» ሊል ይችላል። በሰሜን አየርላንድ ግን ፖሊሶችን ዒላማ የሚያደርጉ ታጣቂዎች ስላሉ ብዙ ፖሊሶች ሥራቸውን ከጎረቤት፣ አንዳንዶቹም ከገዛ ዘመዶቻቸው ይደብቃሉ፤ ጠዋት መኪናቸውን ከማስነሳታቸው በፊት ጎንበስ ብለው ከሥሩ ቦምብ አለመኖሩን ያያሉ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ በኦማ ከተማ አንድ ከፍተኛ መኮንን ከሥራ ሰዓት ውጭ ተተኩሶበት ክፉኛ ቆስሎ ነበር።

ስህተቱ የተሠራበት መንገድ ለማንኛውም መሥሪያ ቤት እንግዳ አይደለም። የሠራተኞች ጥሬ መረጃ ከሰው ኃይል ሲስተሙ ወደ አንድ የኤክሴል ፋይል ወረደ። በዚያው ፋይል ውስጥ ለድምርና ለማጣሪያ ሌሎች ሺቶች (የፋይሉ ገጾች) ተከፈቱ። ሥራው ሲያልቅ የሚታዩት የሥራ ሺቶች ተሰረዙ፤ ጥሬው መረጃ ያለበት የመጀመሪያው ሺት ግን ሳይታይ ቀረ። ኃላፊ አየው፣ አለፈ። የመረጃ ጥያቄ የሚያስተናግደው ክፍል ተቀብሎ «ዋት ዱ ዜይ ኖው» በተባለው የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ላይ ጫነው። በእኛ የሰዓት አቆጠራ ከቀኑ 8፡31 ነበር። 10፡10 ላይ የተቋሙ የራሱ ፖሊሶች አይተው አሳወቁ፣ 10፡51 ላይ ከዕይታ ተነሣ፣ 11፡27 ላይ ተሰረዘ። በስድስተኛው ቀን ፖሊስ ዝርዝሩ በታጣቂዎች እጅ ገብቷል ብሎ እንደሚያምን አስታወቀ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የፖሊስ አዛዡ ሥልጣን ለቀቁ። የብሪታኒያ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በ2024 የጣለው ቅጣት 750,000 ፓውንድ ነው፤ የመንግሥት ተቋም በመሆኑ ተቀንሶለት እንጂ 5.6 ሚሊዮን ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የአገሩ ሕግ ለመልስ የሚሰጠው 20 የሥራ ቀን ነው፤ ይህ መልስ የወጣው ገና በሦስተኛው የሥራ ቀን ነበር። ያጣደፈ ቀነ ገደብ አልነበረም።

ለመንግሥት ሠራተኞች የሚሰጠው የመረጃ ነፃነት ሥልጠና በአብዛኛው በአንቀጽ ተጀምሮ በአንቀጽ ያልቃል፦ ማን መጠየቅ ይችላል፣ በስንት ቀን ይመለሳል፣ ምን ይከለከላል። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን በቤልፋስት የተጣሰውን አንቀጽ ያላወቀ ሠራተኛ አልነበረም። የሰው ስም መስጠት እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል። ያላወቁት ፋይሉ ውስጥ ያለውን ነው። ስለዚህ የሥልጠናው ግማሽ ቀን ኮምፒዩተር ፊት መዋል አለበት ባይ ነን።

ልምምዱ እንዲህ ይዘጋጃል። አሠልጣኙ 40 የፈጠራ ስሞች ይይዝና በአንድ የኤክሴል ፋይል ውስጥ ይበትናቸዋል። ፊት ለፊት የሚታየው ባለ አምስት ረድፍ ንጹሕ ሰንጠረዥ ነው። የተወሰኑት ስሞች በተደበቀ ሺት ላይ ይቀመጣሉ፤ የሺቱን ስም ራይት ክሊክ አድርጎ «አንሃይድ» ሲሉት ይወጣል። ጥቂቶቹ «ቬሪ ሂደን» በሚባለው መንገድ ይደበቃሉ፤ ይህ ደግሞ በ«አንሃይድ» ዝርዝር ውስጥ ራሱ አይታይም። ሌሎቹ በተደበቀ ኮለም (ዓምድ)፣ በፊልተር በተሸፈነ ረድፍ፣ በነጭ ጀርባ ላይ በነጭ ፊደል፣ በሴል ላይ በተለጠፈ ኮሜንት ይሰወራሉ። የመጨረሻዎቹን ፒቮት ቴብል (ረድፎችን ደምሮ የሚያጠቃልል የኤክሴል ሰንጠረዥ) ይሸከማቸዋል። ሠልጣኞች 15 ደቂቃ ተሰጥቷቸው ስንት ስም እንዳገኙ ይጠየቃሉ።

ብዙውን ጊዜ የሚያመልጠው ፒቮት ቴብሉ ነው። ማጠቃለያ ብቻ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም፤ ሆኖም የድምሩን ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ድምሩ የተሠራባቸው ረድፎች በሙሉ በአዲስ ሺት ላይ ይዘረገፋሉ። ጥሬውን ሺት መሰረዝም አያድንም፤ ፒቮቱ የመረጃውን ቅጂ በሆዱ ይዞ ይቀራል። የለንደኑ የኢዝሊንግተን ወረዳ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 የ2,376 ሰዎችን መረጃ ያወጣው በዚሁ መንገድ፣ ለመረጃ ጥያቄ በሰጠው መልስ ነበር፤ 70,000 ፓውንድ ተቀጣ። ይህ ከቤልፋስቱ 11 ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ያሳዝናል።

የቤልፋስት ሠራተኞች የሄዱበት አቅጣጫ ራሱ አደገኛ ነበር፦ ሁሉን የያዘ ፋይል ተነሥቶ የማይፈለገውን እያወጡ መጣል። አንዱን ከረሱት ያው አለቀ። ትክክለኛው አካሄድ ከባዶ መነሣት ነው። አዲስ ፋይል ይከፈታል፤ የሚፈለጉት ሴሎች ብቻ ኮፒ ተደርገው በ«ፔስት ስፔሻል» በኩል «ቫልዩስ» ተብሎ ይለጠፋሉ። ፎርሙላው፣ ፒቮቱም፣ የተደበቀው ሺትም አብሮ አይመጣም። ፊልተር ካለ ግን ከኮፒው በፊት ይነሣ፤ የተደበቀ ኮለም በመካከል ካለ አብሮ ሊገለበጥ ይችላል።

ከዚያ የፋይሉን ክብደት ማየት። ባለ አምስት ረድፍ ሰንጠረዥ ከ10 እስከ 20 ኪሎባይት ቢሆን ነው። አንድ ሜጋባይት ከሆነ ውስጡ ያልታየ ነገር አለ። ይህን ለማየት የኮምፒዩተር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ» ማለት በቂ ነው። የኤክሴል የራሱ መመርመሪያም አለ፤ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ቼክ ፎር ኢሹስ»፣ «ኢንስፔክት ዶክዩመንት» ብለው ያገኙታል። ጠቃሚ ነው፣ ግን እሱን ብቻ አይተማመኑበት።

ከቤልፋስቱ አደጋ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2023፣ የብሪታኒያው ኮሚሽነር የመንግሥት ተቋማት ለመረጃ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ዋናውን የኤክሴል ፋይል ኢንተርኔት ላይ መጫን እንዲያቆሙ አሳሰበ። አማራጩ ሲኤስቪ (ሰንጠረዡን በተራ ጽሑፍ ብቻ የሚይዝ ፋይል) ነው፤ ያን ጊዜ ከፊት ያለው አንድ ሺት ብቻ ይቀመጣል፣ ሌላው ሁሉ ይቀራል። ሁለት ወጥመድ ግን አለው። የተደበቁ ኮለሞችና ረድፎች ወደ ሲኤስቪ አብረው ይገባሉ፤ ስለዚህ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ እስከ ታች ማንበብ ግድ ነው። ሁለተኛው የእኛው ነው፦ በተራው ሲኤስቪ ሲቀመጥ የግዕዝ ፊደል ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8» የሚለው ይመረጥ፤ አለዚያ ጠያቂው የሚደርሰው ምልክት ብቻ ነው።

ወደ ወርድ የሚለጠፍ ግራፍም ቀላል አይደለም። ሙሉው የኤክሴል ፋይል ከሥሩ ሊቀመጥ ስለሚችል በሥዕል መልክ ይለጠፍ። ፒዲኤፍ ላይ ስምን በጥቁር ሳጥን መሸፈን ደግሞ መሸፈን አይባልም፤ ጽሑፉን መርጦ ኮፒ ያደረገ ሰው ያነበዋል።

ሁለተኛ ሰው ያየዋል የሚለው ዋስትናም በቤልፋስት አልሠራም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል፦ አጣሪው የሚያየው ያንኑ ፊት ያለውን ሺት፣ የሚያጣራውም ድምሩ ልክ መሆኑን ነው። ለአጣሪው ሌላ ጥያቄ ይሰጠው፦ «ከዚህ ፋይል የአንድ ሰው ስም አውጣ።» ሰውዬው ሌባ ሆኖ ይፈልግ። ደግሞ ጥሬውን ፋይል ያላየ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ንጹሕ ሰንጠረዥም ሰውን ሊጠቁም ይችላል። በአንድ ጣቢያ፣ ሴት፣ ኢንስፔክተር፣ ብዛት 1 ከተባለ ስሟን መጻፍ ምን ቀረው? ከ5 በታች የሆነን ቁጥር «ከ5 በታች» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ግን አንዱን ሴል ብቻ ሸፍኖ ጠቅላላ ድምሩን መተው ሞኝነት ነው፣ ቀንሶ ይደረስበታል። ቢያንስ ሌላ አንድ ሴል አብሮ ይሸፈን።

በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመረጃ ጥያቄ የሚቀርበው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፤ በቃልም ሊቀርብ ይችላል፣ የመልሱ ጊዜም 30 ቀን ነው። ጥሬው ፋይል ግን የሰው ኃይል ወይም የፋይናንስ ባለሙያው ዘንድ ነው ያለው። ስለዚህ ፋይሉን የሚያዘጋጀው ሰው ስለ አዋጁ አልሠለጠነም፣ የሠለጠነው ሰው ደግሞ ፋይሉን አያውቀውም። ሥልጠናው ላይ ሁለቱም ካልተቀመጡ ክፍተቱ እንዳለ ይቀራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሠራተኛ ስም መውጣቱ በሕግ የሚያስጠይቅ ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ የሰማ ኃላፊ መጀመሪያ የሚመጣለት «እንግዲያውስ ምንም አንስጥ» ማለት ነው። አሠልጣኙ እዚህ ላይ መጠንከር አለበት። የቤልፋስቱ ጠያቂ አላጠፋም፤ በማዕረግ የፖሊስ ብዛት ማወቅ የሕዝብ መብት ነው፣ ሁለቱ ዓምዶችም መሰጠት ነበረባቸው።