ከሐመድ ኢላ የተከተለኝ ወፍ

መጀመሪያ የሰማሁት በርሃሌን አልፌ ወደ መቀሌ ስወጣ ነው። «ጢው፣ ጢው፣ ጢው» የሚል ቀጭን ድምፅ፤ ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስዘገይ ይዘገያል። ከኋላ የተቀመጡት ቱሪስቶች ወፍ መስሏቸው በመስኮት ሲፈልጉ ነበር። እኔም ጎማ ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠር ነው ብዬ ናቅኩት።

መናቅ አልነበረብኝም። ሦስት ቀን ሙሉ አፋር ውስጥ ሐመድ ኢላ መንደር አድረን የጨዉ አሳሌ ሐይቅ ላይ ስንመላለስ ነው የከረምነው። ያ ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ ነው፤ አንዳንዴ ስስ ውሃ ጨዉን ይሸፍነውና መኪና ሲያልፍበት ከሥር ያለውን ብረት ሁሉ በጨው ያጥበዋል።

መኪናዋ ላንድክሩዘር 78 ናት፤ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ የፊት ጎማን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው መቆለፊያዋ በእጅ የሚዞር። አዲስ አበባ ስንደርስ ሌላ ምልክት ጨመረች፤ ከቆመችበት ስትነሳና የኋላ ማርሽ ሳስገባ ከሥር «ቋ!» ትላለች። እኔ ግን አሁንም ሐሳቤ ጎማ ላይ ነበር። አራቱንም ባላንስ አስደርጌ ገንዘቤን ከፍዬ ወጣሁ። ድምፁ አብሮኝ ወጣ።

በመጨረሻ ካርቶን አንጥፌ ከሥሯ ተኛሁ። ከዚያ በፊት ግን መቆለፊያዎቹን ፈትቼ በሁለት ጎማ ነድቻት ነበር። እንደዚያ ሲሆን የፊተኛው ፕሮፔለር ሻፍት፣ ማለትም ዙሩን ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ፣ አይዞርም፤ ድምፁ ስላልጠፋ ጥፋቱ የኋላው ላይ ነው ማለት ነው። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ ማርሹን ዜሮ አደረግሁና፣ በአንድ እጄ ሻፍቱን በሌላው ደግሞ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚታሰርበትን ፍላንጅ ይዤ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠመዘዝኳቸው። ከዲፈረንሻሉ በኩል ያለው ክሮቼራ፣ ሻፍቱ ዘንበል ብሎ እንዲዞር የሚያስችለው በአራት ጫፎቹ ክዳን ያለው መስቀል መሰል መገጣጠሚያ፣ ተንቀጫቀጨ። በክዳኖቹ ዙሪያ እንደ ሚጥሚጣ የደቀቀ ቀይ የዝገት ዱቄት ተነስንሷል። ወፉ ተገኘ። ግራሶው በጨው ውሃ ታጥቦ አልቆ፣ ውስጥ ያሉት መርፌ የሚያካክሉ ሮለሮች ደረቁን እየተፈጩ ኖሯል።

ሻፍቱን ለማውረድ ስል አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፤ መኪናዋን ይይዝልኛል ብዬ። የመጨረሻው ብሎን ወጥቶ ሻፍቱ ሲወርድ ግን ወደ ኋላ ሸተት አለች። ያዳነኝ ድንጋዩ ነው። ሻፍቱ ከወለቀ ሞተሩንና የኋላ ጎማን የሚያገናኝ ነገር የለማ! የእጅ ፍሬናቸው ከካምቢዮው ኋላ ሻፍቱን የሚይዝ የድሮ ላንድክሩዘሮች ላይማ ይባስ፤ የእጅ ፍሬኑም አብሮ ይሄዳል።

ክሮቼራ መቀየር ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም። ማያዣ ቀለበቶቹ ይወጣሉ፤ በሞርሳ (በማጥበቂያ መንጋጋው) መካከል በአንድ በኩል ትንሽ ቡሶላ (የብሎን መፍቻ ራስ) ገፊ፣ በሌላው በኩል ትልቅ ቡሶላ ተቀባይ አድርጎ ማጥበቅ ነው። አዲሱን ስገጥም አንደኛው ክዳን እስከ መጨረሻው አልገባ ብሎ ቀለበቱ እምቢ አለኝ። መዶሻ ሳነሳ አንድ ነገር ጠረጠርኩና መልሼ አወጣሁት። አንዷ ሮለር ወድቃ ክዳኑ ሥር ተጋድማለች። ብመታው ኖሮ አዲሱን ዕቃ በገዛ እጄ እሰብረው ነበር። በወፍራሙ ግራሶ ቀብቼ ሮለሮቹን በቦታቸው አጣበቅኳቸውና ሰተት ብሎ ገባ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። «እግረ መንገዴን» ብዬ ሻፍቱ የሚረዝምበትንና የሚያጥርበትን ጥርሳም ክፍልም ስቤ ለየሁት፤ አጥቤ መለስኩት። በማግስቱ የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ 80 ስደርስ መስታወቱ ተንቀጥቅጦ ከኋላዬ ያለው መኪና ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ወፉን አባርሬ ንብ አመጣሁ።

ዕድሜውን ሁሉ ጋራዥ የኖረ ሜካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። አንዴ ከሥር ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ።

«አንተ ልጅ፣ ስትለየው ምልክት አድርገህበት ነበር?»

«ኧረ አላደረግሁም፣ ጋሼ።»

«በቃ እሱ ነው።»

ክሮቼራ ዘንበል ብሎ ሲሠራ ዙሩን እኩል አያስተላልፍም፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ያኛው ጫፍ ላይ ያለው ክሮቼራ ይህንን መልሶ የሚያስተካክለው ክሮቼራዎቹን የሚይዙት የሻፍቱ ሁለት ሹካዎች በአንድ መስመር ሲተያዩ ብቻ ነው። እኔ ጥርስ አሳልፌ ገጥሜዋለሁ። ጋሼ ፈትቶ፣ አዙሮ መለሰው፤ መንቀጥቀጡ ጠፋ። የአንዳንዱ ሞዴል የፊት ሻፍት ግን ከፋብሪካው ሹካዎቹ ሳይተያዩ ይወጣል፤ ስለዚህ በዓይን ከመገመት ምልክቱን ማመን ይሻላል። ነጭ ቀለም አሁን ከቁልፎቼ ጋር ነው የሚቀመጠው።

ግራሶውን አሁን ራሴ ነኝ የምሞላው፤ ሊቲየም፣ ቁጥር 2። ለአንድ ሻፍት ሦስት፣ ለሁለቱ ስድስት ማስገቢያ አለ። ክሮቼራው ላይ አሮጌው ግራሶ በአራቱም ክዳኖች እስኪወጣ ድረስ ፓምፑን እመታለሁ፤ በአንዱ በኩል ካልወጣ ያ ክዳን ደርቋል ማለት ነው። የሚረዝመው ክፍል ላይ ግን ቸር መሆን ጉዳት አለው። አንድ ጊዜ ሞልቼው ሻፍቱ ማጠር አቃተው፤ የኋላ አክስሉ ጉድጓድ ላይ ወደ ላይ ሲገፋ ጫናው ወደ ካምቢዮው ኩሽኔታ (ዘንጉን ተሸክሞ የሚያዞረው ቀለበት) ነው የሚሄደው። ሻፍቱ ትንሽ መርዘም ሲጀምር እጄን አነሳለሁ። ከጨው ወይም ከወንዝ ስወጣ ደግሞ ነገ አልልም፤ የዚያኑ ዕለት ማታ በንጹሕ ውሃ አጥቤ አዲሱ ግራሶ የገባውን ውሃ እንዲገፋ አደርጋለሁ።

በሌላ ጉዞ፣ ከሐመድ ኢላ ስንመለስ፣ አብሮን የነበረ ሹፌር መኪናው ወፍ ትጮህ ጀመር፤ በርሃሌ ሳይደርስ «ቋ»ውም መጣ። የኋላ ሻፍቱን አወረድንለት፣ የፊት መቆለፊያዎቹን ቆለፍን፣ አራት ጎማ አስገባን። እንግዶቹንና ሻንጣቸውን እኔ ጫንኩ፤ እሱ ሻፍቱን ከጀሪካኖቹ መሐል አጋድሞ፣ በፊት ጎማ ብቻ እየተጎተተ፣ ዳገቱን ቀስ ብሎ ከኋላዬ ወጣ።