የአጃ ዳቦ በማር፦ በአራተኛው ሙከራ ተሳካልኝ

ቅዳሜ የጋገርኩት የአጃ ዳቦ በቢላ ስቆርጠው አልተፈረፈረም። በጣም ደስ ብሎኛል። ከእሱ በፊት ሦስት ጊዜ ተበላሽቶብኛል። ለምን እንደተበላሸ አሁን ስለገባኝ፣ እናንተም ስትሞክሩ ዱቄትና ማር እንዳታባክኑ ልንገራችሁ።

አጃ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። አጥሚቱን እየጠጣን ነው ያደግነው። ዳቦ ውስጥ ሲገባ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የስንዴ ሊጥ ሲታሽ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ግሉተን ስላለው ነው። እርሾው የሚያወጣውን አየር ይዞ የሚያቆየውም እሱ ነው። አጃ ይህን አይሠራም። በዚያ ላይ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ የሚጠጣውም ቀስ እያለ ስለሆነ ሊጡን ስታቦኩ አይታወቃችሁም።

መጀመሪያ የተሸወድኩት እዚሁ ላይ ነው። ሱፐርማርኬት ኦትስ ተብሎ የሚሸጠውን ጠፍጣፋ አጃ እንደደረቀ ከዱቄቱ ጋር ቀላቀልኩት። ሳቦካው ልስልስ ያለ ሊጥ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ድርቅ ብሏል። ዳቦውም ገና ቢላ ሲነካው ፍርፍር አለ።

በሁለተኛው አጃውን በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ይህ ትክክል ነበር። ግን ቸኮልኩና ሳይበርድ እርሾውን ጨመርኩበት። እርሾ ሕይወት አለው፤ ሙቀቱ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይሞታል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩ፣ ሊጡ ንቅንቅ አላለም። አሁን ጣቴን ከትቼ ለብ ማለቱን ሳላረጋግጥ እርሾ አላስገባም።

ሦስተኛውን ያበላሸው ማር ነው። ጣፈጥ እንዲል ብዬ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ጨመርኩ። ማር ሲበዛ እርሾው ይደክማል፣ ሊጡም ለመነሳት ይዘገያል። ማር እሳት ላይ ቶሎ ስለሚጠቁር ደግሞ ላዩ አሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ሦስት ማንኪያ በቂ ነው። ስለ ማሩ ዓይነትም አንድ ነገር ልበል። ጥሩ ነጭ ማር ካላችሁ እንዲሁ ብሉት፣ ኦቨን ውስጥ መዓዛው ይጠፋል። ለዳቦ ጠቆር ያለውና ጠንከር የሚለው የጫካ ማር ይሻላል። ከረጋም ችግር የለም፣ ትኩሱ አጃ ላይ ስታደርጉት ራሱ ይሟሟል።

የቅዳሜው እንዲህ ነው። 100 ግራም አጃ ላይ 340 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ አፈሰስኩ። ማሩን፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሬ 40 ደቂቃ ያህል ተውኩት። ለብ ሲል 400 ግራም የስንዴ ዱቄትና አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ አስገብቼ አሥር ደቂቃ አሸሁት። ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል። እባካችሁ ዱቄት አትጨምሩበት! እጃችሁን ዘይት ቀቡና ቀጥሉ።

ያነበብኩት አሠራር አንድ ሰዓት ተኩል ይቆይ ይል ነበር። የእኔ በ50 ደቂቃ እጥፍ ሆነ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል። ስለዚህ ሰዓት ሳይሆን ሊጡን እዩ። በጣት ጫን ስትሉት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ልክ ኦቨኑን ልለኩስ ስል ደግሞ መብራት ጠፋ። ሊጡ ከልክ በላይ ተነስቶ እጥፍጥፍ አለ። ደነገጥኩ። ግን አየሩን አስወጥቼ እንደገና ጠቅልዬ መጋገሪያው ዕቃ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ መብራት ሲመጣ እንደገና ተነስቶ አገኘሁት።

በ180 ዲግሪ 40 ደቂቃ ጋገርኩት። በ20ኛው ደቂቃ ላዩን በፎይል ሸፈንኩ። ሥሩን በጣት ስመታው እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይነካ መብረድ አለበት፤ በትኩሱ ከቆረጣችሁት ውስጡ ይለጠፋል። እስከ ማክሰኞ ሳይደርቅ ቆየልን። ማሩ እርጥበት ይይዛል። ወተትም ቅቤም እንቁላልም ስለሌለው ለጾምም ይሆናል።

እናቴ ቀመሰችው፣ ወደደችው። «ኮባ ቢኖረው» አለች ግን። ለእሷ በኮባ ያልተጋገረ ዳቦ ሽታው ጎዶሎ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ኮባ ገዝቼ ጥቁር አዝሙድም ጣል አድርጌበት እሞክረዋለሁ። በኮባ የጋገራችሁት ካላችሁ፣ በኦቨን ስንት ደቂቃ እንደፈጀባችሁ ንገሩኝ።